የቤት ፊት

አባቴ የራሱን ፊት ፎቶ ማንሳት የጀመረው ማህዲ ከግንባር እያነከሰ የተመለሰ ሰሞን ነው። ሁለቱን ነገር ግን ያኔ አላገናኘኋቸውም። ልጅ ነበርኩ። ለእኔ ማህዲ የጎረቤታችን የእትዬ ሀጀራ ልጅ፣ ከወንድሜ ከዋለ ጋር አብሮ ወታደር ቤት የገባ፣ ለፈቃድ ሲመጣ ኪሱ ከረሜላ የማያጣ ሰው ነበር። አባቴ ደግሞ ፎቶ አንሺ ነበር። ፎቶ አንሺ ፎቶ ቢያነሳ ምን ይገርማል?

ሐይቅ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ አንድ በር የሆነች ፎቶ ቤት ነበረችን። በደህናው ጊዜ አባቴ አስረስ መስከረም ላይ ካሜራውን አንግቶ ግሸን ይወጣል፤ ተሳላሚውን ሲያነሳ ሰንብቶ ፊቱ በፀሐይ ተልጦ፣ ድምፁ ተዘግቶ ይመለሳል። በበዓል ቀን ደግሞ ሐይቁ ዳር ሙሽራና ተማሪ ይሰለፍለታል። ለውጥ መጣ በተባለበት ዓመት ሥራው ደርቶ ነበር፤ ወጣቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ፣ ተቃቅፎ፣ እየጨፈረ ሊነሳ ይመጣል። ዋለም «አገሩ አሁን የእኛ ነው» ብሎ ከማህዲ ጋር ሄዶ የተመዘገበው በዚያው ዓመት ነው። ኋላ የሁሉም ሰው ስልክ ካሜራ ሆነና ለአባቴ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ብቻ ቀረለት። ከዚያ ሰሜን ላይ ጦርነት ተነሳ፤ ስልክ ተቋረጠ፤ የዋለ ድምፅ ጠፋ።

እናቴ ሰብለወንጌል ያኔ እርጉዝ ነበረች። ከእኔ በኋላ የወለደቻቸው ሁለት ልጆች አልቆዩላትም፤ ስለዚህ ይህኛውን ገና በሆዷ እያለ ነበር የምትሳሳለት። ሐኪሙ ደሟ ከፍ ብሏልና አታስደንግጧት ብሎ ነበር። ቤት ውስጥ ክዳን ከእጄ ቢያመልጠኝ እንኳ አባቴ በዓይኑ ይቆጣኛል።

ጥር ላይ ማህዲ የመጣ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱንና አባቴን ሐይቁ ዳር አየኋቸው። ዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባቸውን ወደ ደረቁ ስበው ሄደዋል፤ ዳርቻው የዓሣ ቅርፊትና የረጠበ ሣር ይሸታል። ማህዲ ከዘራ ተደግፎ ቆሟል። አባቴ ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በሐይቁ ውሃ ይታጠባል። ይታጠባል፣ ይታጠባል፣ አያቆምም። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ማህዲ አንድ የሚያስቅ ነገር ነግሮት፣ ሳቁ እምቢ ብሎት እየታጠበ መሰለኝ። ለእኔም ይነግሩኛል ብዬ እየሮጥኩ ወረድኩ።

«ጋሼ፣ በቃ፤ ልጅቱ መጣች» አለ ማህዲ።

አባቴ ቀና አለ። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ምን ሆነህ ነው አባዬ?»

«ትንኝ ገብቶብኝ።»

ማህዲ ኪሱን ዳብሶ ከረሜላ አወጣልኝ። ከረሜላው ከእጁ አምልጦ ጭቃው ላይ ወደቀ፤ አንስቼ በቀሚሴ ጠራርጌ ጎረስኩት።

«ዋለስ?» አልኩት አፌ እንደሞላ።

አባቴን አየው። «ሰላም ነው። ስልክ የለም እንጂ ሰላም ነው። ወላሂ...» አለና መሐላውን ሳይጨርስ ወደ ማዶ ዞረ።

አሁን ሳስበው ማህዲ በውሸት መማል አቅቶት ነበር። ያን ቀን ለአባቴ የነገረው የዋለን ሞት ነው። ሁለቱም እናቴ እስክትገላገል ድረስ ነገሩ ከአፋቸው እንዳይወጣ እዚያው ተማማሉ። ከእትዬ ሀጀራ በቀር ሌላ ሰው አልሰማም፤ እሷም የሰማችው ልጇ ሌሊት ሌሊት በሕልሙ ዋለን ስለሚጠራ ነው።

አባቴ ከዚያ በኋላ በየማለዳው ካሜራውንና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን ይዞ ወደ ሐይቁ መውረድ ጀመረ። የትምህርት ቤቴ መንገድ በዚያው ስለነበር አብሬው እሄዳለሁ። ሾላው ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ካሜራውን ፊት ለፊት ያቆምና ጫማውን አውልቆ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል። ደንበኛ ሲያነሳ «ቀና በሉ፣ ፈገግ በሉ፣ አገጭ ዝቅ» እያለ የሚለፈልፍ ሰው እዚያ ድምፁ አይሰማም። እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ ራቅ ብዬ ጠጠር ውሃው ላይ እየወረወርኩ እጠብቃለሁ። ከወዲያ የገዳሙ ደወል፣ ከወዲህ የባጃጅ ጩኸት ይመጣል፤ እሱ ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ ዓይኑን ይገልጥና በእጁ የያዛትን ትንሽ ሪሞት ይጫናል። ካሜራው ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ ይልና፣ ቀጭ።

ተነስቶ ያነሳውን ያያል። አንድ ፎቶ ይህን ያህል ምን ይታያል እስክል ድረስ ያያል። ከዚያ ወደ ውሃው ወርዶ ፊቱን ይታጠባል፤ በጋቢው ጫፍ ያብሳል፤ ተመልሶ ይቀመጥና ደግሞ ቀጭ። ሁለተኛውንም ያያል። አንዳንድ ቀን ራሱን ነቅንቆ እንደገና ይታጠባል፣ እንደገና ይነሳል። «አሁን ሆነ» ሲል ዕቃውን ይሰበስባል።

ለእኔ የመጀመሪያው ፎቶ እየተበላሸበት የሚደግም ነበር የመሰለኝ።

«የተበላሸውን ለምን አታጠፋውም?» አልኩት አንድ ቀን።

«አልተበላሸም። የመጀመሪያው የእኔ ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«እሱ የቤት ነው።»

የቤት ያለው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን መሰለኝ። ቆይቶ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ፤ ስልክ ሲከፈት ለዋለ ሊልክለት ነው አልኩ። ዋለ ናፍቆናል፣ እኛም ናፍቀነዋል፤ አባቴ እያረጀ እንዳልሆነ ሊያሳየው ነው። ይህ ሐሳብ ስለጣመኝ አባቴን አልጠየቅኩትም። ከሁለተኞቹ ፎቶዎች ውስጥ ዋለ የትኛውን እንደሚወድ በልቤ እመርጥ ጀመር።

«እኔንም» አልኩት ሌላ ቀን።

ድንጋዩ ላይ አስቀመጠኝና ሪሞቷን ሰጠኝ። ጥርሴን አሳይቼ ተጫንኩ። አይቶ ሳቅ አለ። «ይሄ ለሰው የምታሳዪው ነው። አሁን ደግሞ ምንም አታድርጊ። ትንፋሽሽን ብቻ አዳምጪ። ደስ ካለሽ ደስ ይበልሽ፣ ከከፋሽም ይክፋሽ፤ ፊትሽን አትዘዢው። ሲመጣ ታውቂዋለሽ፤ ያኔ ተጫኚ።»

መጀመሪያ እግሬን በላኝ። ከዚያ ቁርሴን አሰብኩ፤ ከዚያ ያልሠራሁትን የቤት ሥራ። ቀስ እያለ ሁሉም ተራ በተራ ሄደና ትንፋሼ ብቻ ቀረ፤ ሲገባ ቀዝቃዛ፣ ሲወጣ ሞቃት። ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ከበደኝ። ስሙን አላውቀውም። ተጫንኩ።

ካሜራው ላይ ያየኋት ልጅ ግንባሯ የተቋጠረ፣ ከእኔ የምትበልጥ ትመስላለች።

«ይቺ ማን ናት?»

«አንቺ ነሻ።»

«ምን ሆና ነው ያዘነችው?»

አባቴ የካሜራውን ማቆሚያ አጣጥፎ ትከሻው ላይ ጣለና «ይረፍድብሻል፣ ሂጂ» አለኝ።

ዛሬ እኔም አልፎ አልፎ ስልኬን መስኮት ላይ አስደግፌ እንደዚያ እቀመጣለሁ። ቁንጅና ፍለጋ አይደለም። አፌ ደህና ነኝ የሚለውን ፊቴ መቀበል አለመቀበሉን ለማየት ነው። አባቴ ግን ከዚያ ድንጋይ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነበር፤ ይህንንም የነገረኝ ካደግኩ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ሐዘኑን እንዳለ ይለቀዋል፣ በሌንሱ ፊት ማንም ሳያጽናናው ያለቅሳል፣ ያለቀሰውንም ሰው አይቶ «ይኸው ነህ» ይለዋል። «ያንን ካላየሁት እብድ ነበር የምሆነው» አለኝ። ሁለተኛው ግን እናቴ የምታየው ፊት ነው። ዓይኑ መቅላቱ እስኪጠፋ፣ ከንፈሩ መንቀጥቀጡን እስኪተው ድረስ እያነሳ ይመረምረዋል። ሁሉ ነገር ቦታውን ሲይዝ ያንን ፊት ለብሶ ቤት ይገባል።

የሰፈሩ ሰው ግን ማውራቱ አልቀረም። እናቴም መጀመሪያ ሳቀችበት። «በስተርጅና ቁንጅና አማረህ ወይ?» ትለዋለች። ቆይታ ግን ሳቋን ተወችው። አንድ ከሰዓት ከእትዬ ሀጀራ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ ሰማኋት።

«ሀጀራ፣ ይሄ ሰውዬ ሌላ ሴት ይዞ ይሆን? ፎቶውን ለማን ነው የሚያነሳው?»

«ኧረ አስተግፊሩላህ በይ! አስረስ?»

«ማታ ሲተኛ ጀርባውን ይሰጠኛል። ፊቱን አጣሁት።»

እትዬ ሀጀራ ምስሩን ትታ የእናቴን እጅ ያዘች። «አብሽሪ፣ ሰብልዬ። አላህ በሰላም ይገላግልሽ እንጂ ሁሉም ይገለጣል» አለችና ጠጠር ያለበትም የሌለበትም ምስር አንድ ላይ ደባልቃ ተነስታ ሄደች። እናቴ «ምን ነካት?» ብላ ከኋላዋ አየቻት። እኔ ደግሞ ሌላ ሴት የተባለችው ማን ትሆን እያልኩ አባቴ ፎቶ ቤት የሚመጡትን ሴቶች ሁሉ ሳሰላስል ዋልኩ።

ፋሲካ ሲቃረብ እናቴ ወንድ ልጅ ወለደች። አባቴ ስሙን ምትኩ አለው።

«የምን ምትክ?» አለች እናቴ ትራሷን ተደግፋ። «የማን ምትክ ነው?»

እትዬ ሀጀራ የአጥሚቱን ኩባያ እንደያዘች ቆመች።

«ያልቆዩልን የሁለቱ ነዋ» አለ አባቴ። ያ የቤት ፊቱ ምንም አልተናወጠም።

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። «እነሱንስ ተክቶልኛል» አለች።

ልጁ ክርስትና ሲነሳ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። ቤቱ ጠቦ ግቢው ውስጥ ተጨበጨበ፤ እናቴ አራስነቷን ረስታ መቀነቷን አጥብቃ እስክስታ ወረደች። «ዋለዬ ሲመጣ ደግሞ እደግመዋለሁ!» እያለች ትስቃለች። አባቴ ካሜራውን ፊቱ ላይ አድርጎ ያነሳታል። ያን ቀን ካሜራውን ከፊቱ አንዴም ሳያወርድ መዋሉን አስታውሳለሁ። ያኔ ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ነበር።

ከምጥ በኋላ ሊነግራት ነበር። ከምጥ በኋላ ወተቷ እንዳይደርቅ ተብሎ ቀረ። ክረምቱ ሲመጣ ከወልድያና ከቆቦ የተፈናቀለ ሰው የትምህርት ቤታችንን ክፍሎች ሞላቸው፤ እናቴ በየቀኑ ዳቦ ይዛ እየሄደች ከዋለ ጋር የነበረ ሰው እንዳለ ታጠያይቃለች። በዚያ ላይ እንዴት ይንገራት? አባቴ ራሱ በኋላ እንዳለኝ፣ ምክንያቱ ሁሉ ሲያልቅበት የቀረው ፍርሃቱ ብቻ ነበር።

ጥቅምት ሲያልቅ የመድፉ ድምፅ ከአምባሰል ተራራ ወዲህ መጣ። ሰው ሁሉ ልጁንና ፍራሹን ተሸክሞ በደሴ መንገድ ጎረፈ፤ ማህዲም በከዘራው ኮምቦልቻ ድረስ ሸሸ። እኛ እናቴ አሟት፣ ምትኩም ገና ሕፃን ስለነበር ቀረን፤ እትዬ ሀጀራም አሮጊት እናቷን ጥላ መሄድ አልቻለችም። ከተማው በታጣቂዎች እጅ ሊገባ ሲል እናቴ ዋለ በወታደር ልብስ የተነሳውን ፎቶ ከግድግዳ አውርዳ በፌስታል ጠቅልላ ጓሮ ጎመኑ ሥር ቀበረችው። አባቴ ካሜራውን ማሽላ ጆንያ ውስጥ ደበቀ። ለእኔም ደጋግመው አስጠኑኝ።

«ወንድምሽ የት ነው ቢሉሽስ?»

«ዓረብ አገር።»

«ወታደር የሚባል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ።»

«እሺ።»

ጥናቱን ወደድኩት። ትልልቆቹ የሚጫወቱት ጨዋታ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ።

አንድ ረፋድ ታጣቂዎች ለፍተሻ መጡ። አንዱ በር ላይ ቆመ፤ ሌላው፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ ወጣት፣ ሣጥኑን፣ አልጋውን፣ ምድጃውን አገላበጠ። ማሽላው ውስጥ እጁን ሲከት አባቴ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ካሜራ ነው። ፎቶ ቤት ነበረኝ፤ የጉርድ ፎቶ ሥራዬ ነው።»

«ጉርድ ፎቶ አንሺ ካሜራ ማሽላ ውስጥ ይደብቃል? ምን ስታነሳበት ነበር? የእኛን ቦታ ነው?»

ወጣቱ መልስ ሳይጠብቅ ካሜራውን ከፈተው። ባትሪው አልሞተም ነበር። ተጫነ፣ አየ፤ ተጫነ፣ አየ። ከዚያ ሳቀ። «ኧረ ና እይ! ሰውዬው ራሱን ነው የሚያነሳው። ከአንድ ድግስና ከልጅቱ በቀር ሌላ ሰው የለም፤ እሱ ብቻ!» በር ላይ ያለውም አንገቱን አስግጎ ፈገግ አለ። እኔም ልቤ መለስ አለና ፈገግ አልኩ።

ወጣቱ መጫኑን ቀጠለ። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«እዚህ ላይ ታለቅሳለህ» አለ። «እዚህ ላይ አታለቅስም። በማግስቱ ደግሞ ታለቅሳለህ፣ ከዚያ አታለቅስም። ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ጠዋት ጠዋት። ይሄ ምልክት ነው። ለማን ነው የምትልከው?»

«ለማንም።»

«ለማን ነው የምትልከው አልኩህ!»

በር ላይ ያለው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ምትኩ የእናቴን ጡት ለቆ ማልቀስ ጀመረ። አባቴ ወደ እናቴ ዞረና አያት። እንደዚያ ሲያያት አይቼ አላውቅም፤ አንድ ነገር እንድትፈቅድለት የሚለምናት ይመስል ነበር።

«ልጄ ሞቶብኝ ነው» አለ።

«የት?»

«ወደ ዓረብ አገር ሲሻገር። ባሕር በላው።»

በልቤ አጨበጨብኩ። ዓረብ አገር የምትለዋን ከጥናታችን ወስዶ፣ ባሕሩን ከራሱ ጨምሮ፣ ምን የመሰለ ውሸት ሠራ! ዋለ መቼ ባሕር አይቶ ያውቃል?

«ታዲያ ፎቶው ምን ያደርጋል?»

«እናቱ አልሰማችም። እርጉዝ ነበረች፣ ከዚያም አራስ ሆነች። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ወርጄ አለቅስና ራሴን አየዋለሁ። ከዚያ ታጥቤ፣ ፊቴ እንዳያሳብቅብኝ ደግሞ አየዋለሁ። ሌላ ምንም የለውም።»

ወጣቱ ካሜራውን ይዞ ወደ እናቴ ሄደና ፊቷ ላይ ደቀነው። «አንቺ አታውቂም ነበር?»

እናቴ ወደ ካሜራው አየች። እሱ ይጫናል፣ እሷ ታያለች። የአባቴ ፊት አለፈ፤ ደግሞ ሌላ የአባቴ ፊት፣ ደግሞ ሌላ። ከጥር ጀምሮ ያለው ሁሉ አለፈ። የእሷ ፊት ቀስ እያለ ባዶ ሆነ፣ ልክ ውሃው እንደፈሰሰ ዕቃ።

«አላውቅም ነበር» አለች። «አሁን አወቅኩ።»

እንባዋ የምትኩ ግንባር ላይ ወረደ። ድምፅ የላትም፤ እንባ ብቻ። እማዬ እንዴት ያለች ተዋናይ ናት አልኩ። የእኔ ተራ የደረሰ ስለመሰለኝ ልቅሶ ቤት ያየኋቸውን ሴቶች አስታወስኩና ደረቴን እየደቃሁ «ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ ወንድም ዓለም!» ብዬ ጮህኩ። ጥሩ አድርጌ ጮህኩ። ለዋለ መጀመሪያ ያለቀስኩት እንግዲህ እንደዚያ ነው።

በር ላይ ያለው ጠመንጃውን መልሶ አነገተ። ወጣቱ «እግዜር ያጥናችሁ» አለ፤ ፊቱን አዙሮ ነበር። ካሜራውን ግን ይዞት ወጣ። አባቴ አልጠየቀውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ካሜራ አልገዛም።

እግራቸው ከግቢው እንደወጣ «አባዬ ጎበዝ ነህ!» ብዬ ወገቡ ላይ ተጠመጠምኩ። «እማዬም ጎበዝ! እኔስ ጎበዝ አይደለሁም?»

እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ አፏ ውስጥ እስከ ጉሮሮዋ ጎሰጎሰች። ሰውነቷ ይንዘፈዘፋል። ታጣቂዎቹ የጎረቤት ግቢ ውስጥ ናቸው፤ እሪ ብትል ይመለሳሉ፤ ማን ሞተ፣ የት ሞተ ይላሉ። አባቴ ሊይዛት ሲጠጋ በእጇ ገፋችው።

ምትኩን አሳቅፈውኝ በረንዳ ላይ አስወጡኝ። በተዘጋው በር በኩል ድምፃቸው ተቆራርጦ ይመጣል።

«...ከጥር ጀምሮ... አጠገቤ ተኝተህ...»

«ወተትሽ እንዳይደርቅ ብዬ ነው፣ ሰብልዬ። ከዚያ በኋላ አፌ እምቢ አለኝ።»

«በልጄ ሬሳ ላይ እስክስታ አስመታኸኝ! ሰረቅከኝ፣ አስረስ። ልቅሶዬን ሰረቅከኝ። በምን ትመልስልኛለህ?»

ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ሰረቅከኝ የምትለውን ነው። ስለ ካሜራው የሚጣሉ መሰለኝ፤ ለታጣቂው ዝም ብሎ ስለሰጠው።

በዚያ ከሰዓት እትዬ ሀጀራ በጓሮ በኩል መጣች። ከእናቴ ጋር አንገት ላንገት ተያይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የእናቴ ወተት ነጠፈ፤ እትዬ ሀጀራ የፍየሏን ወተት በነጠላዋ ሸሽጋ ለምትኩ ታመጣለታለች። ምግብ ስለጠፋ ነው ብዬ ነበር። እናቴ ወጥ ስትሠራ፣ ልብስ ስታጥብ፣ እኔን ሹሩባ ስትሠራኝ ዓይኗ ይፈስሳል፤ ሽንኩርቱ ነው፣ ጭሱ ነው ትላለች። ከአባቴ ጋር የግድ ካልሆነ አትነጋገርም። ዛሬ አንድ ማዕድ ይቀርባሉ፤ ሲያመው የምታስታምመው እሷ ናት። ክርስትና ሲጠሯት ግን እስከ ዛሬ አትሄድም።

ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ወጡ። መንገድ ተከፈተ ተባለ፤ የሸሸው ሰው ተመለሰ፤ ማህዲም መጣ። እኔ ዋለን መጠበቅ ጀመርኩ። አስፋልቱ ዳር ቆሜ ከደሴ የሚመጣውን ሚኒባስ ሁሉ እያየሁ እውላለሁ። ወታደር ሲወርድ ሮጬ ሄጄ ፊቱን አያለሁ።

አንድ ቀን እኔና ምትኩ እትዬ ሀጀራ ቤት እንድናድር ተላክን። ጠዋት ወደ ቤት ስመለስ የሰፈሩ እድር፣ ቅሬው፣ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ሲተክል ደረስኩ። ጎረምሶች ካስማ ይመታሉ፤ ሴቶች ትልቁን ብረት ድስት ጥደዋል። ልቤ ዘለለ። ዋለ መጥቷል! ሊደገስለት ነው! «ዋለ!» እያልኩ ድንኳኑን ገልጬ ገባሁ።

ውስጥ ሴቶች ጥቁር ለብሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ መሃል ላይ ናት። ፀጉሯ ተቆርጧል። ያን ሁሉ ጊዜ ነጠላ ጎስጉሳ የያዘችው ጩኸት አሁን ከአንጀቷ እየተጎተተ ይወጣል፤ «ዋለዬ፣ ዋለዬ፣ ሳላለቅስልህ የከረምኩት» ትላለች። ሴቶቹ ይቀበሏታል። ሲያለቅሱ የዋለን ስም ይጠራሉ።

መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ቀጥሎ ነገሩ የገባኝ መሰለኝና ደነገጥኩ። ለካ የአባቴን ውሸት ሰዎቹ አምነውታል!

«አልሞተም እኮ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ዋለ አልሞተም! አባዬ ለታጣቂዎቹ የዋሸው ነው። ካሜራውን አይተው ሊገድሉት ሲሉ፣ ዓረብ አገር ሲሄድ ባሕር በላው ብሎ የዋሸው ነው! እማዬም እያወቀች ነው። እማዬ፣ ንገሪያቸው እንጂ! አሁን እኮ ሄደዋል፤ ከእንግዲህ መዋሸት የለብንም!»

ልቅሶው ቆመ። ከውጭ የካስማው ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ እሱም ቆመ። አንዲት ሴት «ውይ፣ ልጄን» ብላ ፊቷን ሸፈነች። አባቴ ከወንዶቹ በኩል መጥቶ ድንኳኑ በር ላይ ቆሟል። ጋቢው ከትከሻው ወርዷል፤ እንባው እስከ ጺሙ ወርዷል፤ አላበሰውም።

እናቴ እጇን ዘረጋችልኝ። «ነይ ወዲህ» አለች።

ሄድኩ። በሁለት እጇ ፊቴን ያዘችው። ድምፅዋ በጩኸት ተሰንጥቆ ነበር፤ ግን ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል ነገረችኝ።

«ባሕሩ ነው ውሸቱ፣ ጸዳለ። ባሕሩ ብቻ ነው ውሸቱ።»

ወደ አባቴ ዞርኩ። ራሱን ነቀነቀልኝ።

ሴቶቹ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ አሉኝ። አንዷ ጀርባዬን ትመታለች፣ አንዷ እጄን ይዛ ደረቴ ላይ ታሳርፋለች። አንድ ጠብታ እንባ አልወጣኝም። እንዴት እንደሚለቀስ አውቃለሁ፤ ጩኸቱንም፣ ደረት መድቃቱንም አሳምሬ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን አንዱም አልታዘዘኝም። መሃላቸው ቆሜ ቀረሁ።

«ተዉአት» አለች እትዬ ሀጀራ። ከእናቴ ጎን ከተቀመጠችበት ተነሳች፤ ምንጣፉን በእጇ ጠረገችው። «ለእህቱ ቦታ ልቀቁላት።»

ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ አሉ። ሄጄ ከእናቴ ጎን ተቀመጥኩ።